መዳብ የጠጣው ድንጋይ

ሴትዮዋ መስታወት ቤቱ የገባችው ለሁለት የተሰበረ የመስታወት ክዳን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ከመስታወት ቆራጩ ጋር ዓይን ለዓይን ባልተያዩ ነበር። እሱ ጓዳ ሆኖ ይቆርጣል፤ ደንበኛ የሚቀበለው ባልደረባው ነው። ባልደረባውን ሰፈሩ ሁሉ በመስታወት ማጣበቂያው ስም «ሲሊኮን» ይለዋል፣ አንዴ ወሬ ከያዘ ስለማይላቀቅ። ያን ዕለት ሲሊኮን መስኮት ሊገጥም ወጥቶ ስለነበር ቆራጩ ራሱ ፊት ለፊት ቆሟል።

«በዚችው ልክ ይቁረጡልኝ። ጠርዟ ይሞረድ፣ ጥጓ ላይ ደግሞ ለሽቦ ማሳለፊያ ትንሽ ትጉደልልኝ» አለችው።

ስባሪውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «የባሕር ዓሣ ነው ያለሽ» አላት።

«እንዴት አወቁ?»

«ጨው ጋግራለች። የወንዝ ዓሣ ገንዳ ክዳን እንዲህ አይነጣም።»

«እንግዲያ ቤትዎ ገንዳ አለ።»

«የልጄ ነው።»

ሴትዮዋ ጨዋታ ወዳድ ነበረችና ተቀመጪ ሳትባል ወንበር ሳበች። ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የገንዳ ዓሣ መሸጫ ሱቅ አላት። «እኔም ጋ አንድ ልጅ አለ» አለችው፤ «አባቴ መስታወት ቆራጭ ነው፣ ገንዳዬን በእጁ ነው የሠራልኝ እያለ የሚኩራራብኝ። ለመጣ ለሄደው ነው የሚናገረው። ዓሣ አዞኝ እኮ ስልኩ ዝግ ሆነ። ብደውል ዝግ፣ ብደውል ዝግ።»

ቆራጩ ሜትሩን ዘርግቶ የስባሪውን ወርድ ለካ። ከዚያ ቁመቱን ለካ። «ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል?» አለ ቀና ሳይል።

«አዎ፣ ይሸፍናል።»

«የእኔው ነው። ሞቷል። በሞተር ብስክሌት። ባለ አምስት ሚሊ ይሁንልሽ ወይስ ባለ ስድስት?»

ለሞቱም ለሚሊውም ድምፁ አንድ ነበር። ቆራጩ ባለ ስድስቱን መርጦ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ፣ የመቁረጫውን አልማስ ጎተተበት፣ መስታወቱም እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ ተላቀቀ። ጠርዙን ሞርዶ፣ ጥጉን አጉድሎ፣ በራሷ ጋዜጣ ጠቅልሎ አቀበላት።

«ጋሼ፣ ዓሣው መጥቷል። ሰሞኑን ነው የገባው። ለሌላ ልስጠው ወይስ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

«ለባለቤቴ ልንገራት» አላት።

ይህ ሰው ሙያውን የተማረው ከአጎቱ ነው። አጎትየው መጀመሪያ ያስተማረው መቁረጥን ሳይሆን መሸከምን ነበር፤ መስታወት ተሸክሞ በገበያ መሐል ያለፈ ሰው ሚኒስትር መሆን አያቅተውም ይል ነበር አሉ። ሚስቱን ያገኛት ደግሞ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት መስኮት ሊገጥም ሄዶ ነው። አንዲት መስኮት ለመግጠም ሲመላለስ የከረመ ጊዜ የስፌት ቤቱ አለቃ «ልጅቷን ውሰድና መስኮቴን ጨርስልኝ» አለችው እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። አንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እሷ «አባቱ»፣ እሱ «እናቱ» ሲባባሉ ኖሩ፤ የራሳቸው ስም ለመታወቂያ ብቻ የሚወጣ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ግን ያን ቃል የሁለቱም አፍ አልደፈረውም። «ስማኝማ»፣ «ስሚኝማ» ሆነ መጠሪያቸው።

ከቀብር ሲመለሱ ቆራጩ ያየው ነገር ቢኖር የተሳፈሩበት መኪና የኋላ መስታወት ዳሩን የያዘው ጎማ መላቀቁን ነው። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። «አልቅስ፣ ይወጣልህ» ያሉት ነበሩ፤ እሱም እምቢ አላለም፣ ሞክሯል። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካካ አይታችኋል? እንደዚያው ነው። አንዳንዴ ሥራ ላይ ቆሞ የልጁን ስም በልቡ ይጠራና ራሱን ያዳምጣል። ጉንጩ አለ፤ ግን የሌላ ሰው ጉንጭ ነው። ከዚያ ወደ መስታወቱ ይመለሳል። ምግቡን በሰዓቱ ይበላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል፣ በዚህም ሚስቱ በልቧ ትታዘበዋለች።

ገንዳው የልጁ ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸውን የባሕር ድንጋዮች አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሮ በር የመሰለ ቅስት ሠርቶበታል። ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች አሉ፤ ያየችውን ሁሉ የምትነተርክ አንዲት ጥቁር ዓሣ አለች፣ ልጁ «ጠበቃዋ» ያላት፤ የሌሎቹን ገላ እየለቀመ የሚያጸዳ፣ ሽሪምፕ የሚባል ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር ፍጥረት አለ፣ እሱን ደግሞ «ፀጉር አስተካካዩ» ብሎታል፤ መስታወቱን የሚልሱ ቀንድ አውጣዎችም አሉ። ቆራጩ ጨዉን መለካት፣ ውኃውን መቀየር ከልጁ ጋር ሲያደርገው የኖረው ነውና አላቋረጠም። ልጁ ትቶት የሄደ የሚተነፍስ ነገር በዚያ ቤት ሌላ የለም።

ማታ ነገራት። ሚስቱ መርፌዋን ሳታቆም ነው የሰማችው።

«ምን ዓይነት ዓሣ ነው?»

«ምንቃር ያለው፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ ሰንበር ያለበት ነው አለችኝ ሻጯ።»

«መቼ ነው ያዘዘው?»

«ከመሞቱ በፊት ነዋ።»

«እሱንማ መች አጣሁት» አለችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «አምጣው። ገንዳው ውስጥ ይግባ» አለች።

ነገሩ እንዲህ የቀለለ አልነበረም። የዓሣ ሻጯን ደንበኞቿ «ወይዘሮ ማቆያ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም፤ የባሕር ዓሣ የገዛ ሰው ስለ ለይቶ ማቆያ ሳትሰብከው ደረጃዋን አይወጣም። ቆራጩንም ምድር ቤት ስታገኘው ያንኑ ጀመረች።

«ጤነኛ ይመስላል፤ ሁሉም ጤነኛ ይመስላሉ። ነጭ ነጠብጣብ የሚባል በሽታ አለ፤ ጨው የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ይህ ይዞት ከገባ የልጅዎ ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦች አንድ በአንድ ያልቃሉ። መድኃኒቱ መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣዎቹን ይፈጃል። ስለዚህ ያንን ገንዳ ማከም አይቻልም። ይህኛውን ለብቻው፣ ባዶ ገንዳ ውስጥ፣ ለሳምንታት።»

«ባዶ ስትዪ?»

«ባዶ ነዋ፣ ጋሼ። አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ። መደበቂያ የላስቲክ ቱቦ ብቻ። ደግሞ ልንገርዎ፣ ይህ ዓሣ አስቸጋሪ ነው። ኩሩ ነው፣ በቀላሉ አይበላም። ልጅዎንም ተው ብዬው ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«አባቴ ያግዘኛል አለኝ።»

ቆራጩ የመደበቂያ ቱቦዎቹን አፍ በጣቱ ለካ። ቀጥሎ የጠየቃት ስለ ገንዳው ስፋት ነው።

ማቆያውን መስታወት ቤት ውስጥ በምሳ ሰዓት ሠራው። አምስት መስታወት ቆረጠ፣ ጠርዛቸውን አጣበቀ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ኮምጣጤ የመሰለ ሽታው ጓዳውን ሞላው። ሲሊኮን በሩ ላይ ተደግፎ ይመለከተዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ማቆያ። ለዓሣ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ምንም። ከውጭ መጣ።»

«አይ፣ እኔም አማቴን መጀመሪያ እንዲህ ለይቼ ባቆያት ኖሮ» አለ ሲሊኮን፤ ከዚያ «ጥሩ ሥራ ነው ግን» ብሎት ሄደ። ሲሊኮን ከልጁ ሞት ወዲህ ወሬ የሚያጥረው እሱ ፊት ብቻ ነበር።

ማቆያው ከልጁ ክፍል ርቆ ሳሎን ተቀመጠ፤ ፍንጣቂ ውኃ እንኳ በሽታ ያሻግራል ተብሏል። ዓሣው እንዳይደነብር በሦስት ጎኑ ጨርቅ ተጋረደበት። የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ቱቦ፣ የራሱ ፎጣ ተለየለት፤ ፎጣው እንዳይሳሳት ሚስቱ ዳሩን በቀይ ክር ዘመዘመችው። መጀመሪያ የልጁ ገንዳ ይመገባል፣ ቀጥሎ ማቆያው፤ መገልበጥ የለም። ከማቆያው እጁን ያወጣ ሰው እስከ ክርኑ ይታጠባል። ቆራጩ ይህን ሁሉ ለሚስቱ አስረዳት፤ እሷም «ሆስፒታል ከፈትክብኝ» አለችው እንጂ አንዱንም አላፈረሰችም።

ዓሣው በአረፋ ሳጥን፣ በፕላስቲክ ከረጢት መጣ። መብራቱ ተቀነሰ፤ ከረጢቱ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ጠብ፣ ጠብ እያለ የአዲሱ ቤቱ ውኃ ተቀላቀለለት። መዳፍ የሚያህል ዝርግ ነገር ነው። ከጅራቱ በላይ ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጥብ አለበት። ምንቃሩን አስቀድሞ ወጣና ከትልቁ ቱቦ ጀርባ ገብቶ ቆመ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቆመው አዩት። ልጃቸው ይህን ነገር ለምን እንደወደደው ሁለቱም ለመገመት ሞክረው ይሆናል፤ አልተነጋገሩበትም።

አልበላም። ከበረዶ የወጣ ሽሪምፕ ተሰጠው፣ አልበላም። ትል ተሰጠው፣ ዛጎሉ የተከፈተ የባሕር ሥጋ ተሰጠው፣ ጠጋ ብሎ አየውና ዞረ። ወይዘሮ ማቆያ በየቀኑ በሥራ መውጫ ሰዓት ትደውላለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«በላ?»

«አልበላም።»

«ነገ ደግሞ እንሞክር።»

በዚህ ይዘጋል። ቆራጩ መድኃኒቱን በጠብታ ይጨምራል፣ ውኃ በብልቃጥ ቀድቶ መመርመሪያ ጠብታ ይጨምርበትና ቀለሙን ያያል፤ ሰማያዊው ደመቅ ካለ መዳቡ በቂ ነው። የሚለካ ነገር ሲያገኝ ደህና ነው እሱ፤ መለካት ያውቅበታል።

ሚስቱ ግን ከስፌት ስትመለስ ወንበሯን ማቆያው ፊት ስባ ትቀመጣለች። ዓሣው ከቱቦው ጀርባ ምንቃሩን ብቻ አውጥቶ ያያታል።

«አንጀቴን በላው» አለች አንድ ቀን። «ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን አስቀምጠኸው ምኑ ደስ ብሎት ይብላ?»

«ማቆያ ነው። ባዶ መሆን አለበት።»

«እስቲ አንተ ባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ብላ።»

«እበላለሁ።»

«እሱንስ አይቻለሁ» አለችው።

ነገሩ ገብቶታል። ባልዲውን ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው መዳቡ መጥፋት የጀመረው። ቆራጩ ብልቃጡን ያይና ሰማያዊው ገርጥቷል። ይጨምራል። በማግሥቱ ደግሞ ገርጥቶ ያገኘዋል። ይጨምራል፤ ይገረጣል። ለዓሣ ሻጯ ሲነግራት «ውስጡ ድንጋይ ወይ አሸዋ አለ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ባዶ ነው።»

«ከሌለ እንግዲህ መድኃኒቱን ማን ይጠጣዋል?»

«እኔ አልጠጣሁት» አላት። ቀልድ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የወጣው። እሷም እንደ ቀልድ ሳትቆጥረው «ሌላ ጠርሙስ እልክልዎታለሁ» አለችው።

በእረፍት ቀናቸው ጠዋት ቆራጩ ወጥ ቤት ቆሞ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ያያል፤ ቀለሙ ውኃ መስሏል። ከሳሎን ሚስቱ ተጣራች።

«አባቱ፣ ና እየው።»

ያን ቃል ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም አላነሱትም። ብልቃጡን እንደያዘ መጣ። ጨርቁን ከአንዱ ጎን ገልጣዋለች፤ ከትልቁ ቱቦ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ ተቀምጧል። ዓሣው ምንቃሩን ቀዳዳው ውስጥ ሰዶ ይለቅማል። ወደ ኋላ ይላል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ተመልሶ ሌላ ቀዳዳ ይሞክራል። የሚለቅመው ለዓይን አይታይም፤ ድንጋዩ ላይ የሚኖር ደቃቅ ነገር ነው። ግን እየበላ ነው፤ እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበላል።

ቆራጩ እስኪጠግብ አየው። ከዚያ ብልቃጡን አየ። ከዚያ ድንጋዩን ለየው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከልጄ ገንዳ። ከቅስቱ አናት።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን። አትየኝ እንዲህ። እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤያለሁ፣ ወደዚያም መልሼ አልነከርኩም፣ ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ብቻውን ሲሆን ጊዜ፣ የቤቱን ሽታ እንኳ ይልመድ ብዬ ነው።»

«መድኃኒቱን ድንጋዩ ነው የጠጣው።»

«ይጠጣ። ሲጨርስ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

«አይመለስም።»

«እንዴት አይመለስም?»

«የጠጣውን መዳብ ቀስ እያለ ይተፋዋል። እዚያ ከገባ ፀጉር አስተካካዩንም ቀንድ አውጣዎቹንም ይጨርሳቸዋል። ከእንግዲህ የዚህኛው ነው።»

ሚስቱ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «በእጁ ነው ያስቀመጠው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አልቆም ብሎት ስንት ጊዜ ወድቆበት።»

«አውቃለሁ እኮ። እኔ ነኝ ባትሪ የያዝኩለት።»

ቆራጩ ወደ ልጁ ክፍል ገባ። እውነትም ቅስቱ አናቱ የለም፤ ሁለቱ ጎኖች ሳይገናኙ ቆመዋል። ጠበቃዋ በክፍተቱ ትገባለች፣ ትወጣለች። እሱን ያስደነገጠው ድንጋዩ አልነበረም። ከተነሳ ወዲህ ስንት ጠዋት እዚህ ቆሞ አብልቷል፤ ሙቀቱን አይቷል፣ ጨዉን ለክቷል፣ መስታወቱን ወልውሏል፤ ይህን ግን አላየም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሊቆጣ ጠበቀ። ቁጣውም እንደሌላው ሁሉ አልመጣም። መጨረሻ ላይ ብልቃጡ እጁ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለውና ሊያጥበው ተነሳ።

ለዓሣ ሻጯ ያን ቀን የደወለው እሱ ነው። የሆነውን ሁሉ ሳይሸፋፍን ነገራት። እሷም እንደ ልማዷ አልሰበከችም።

«ሁለት መንገድ ነው ያለዎት፣ ጋሼ። አንደኛው ድንጋዩን አውጥተው መድኃኒቱን መቀጠል ነው። ያኔ መብላቱን ያቆማል፤ ይህን ያህል ጾሞ ደግሞ የሚችል አይመስለኝም። ሁለተኛው ድንጋዩን ትቶ መድኃኒቱን ማቆም፣ ውኃውን እየቀየሩ መዳቡን ማጠብ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ዝም ብሎ ማየት። ነጠብጣብ ከወጣበት ግን…»

«ከወጣበት ያልቃል።»

«ሊያልቅ ይችላል።»

«አንቺ ብትሆኚ?»

«እኔማ ነጋዴ ነኝ። እኔ ብሆን ሌላ ዓሣ አዛለሁ። የእናንተን እኔ አላውቀውም።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ሳሎን ተመለሰና ሁለቱንም ለሚስቱ ነገራት። ከልጁ ሞት ወዲህ ያማከራት ነገር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመቃብሩን ድንጋይ እንኳ ብቻውን ነበር የመረጠው።

«ይብላ» አለች።

«ነጠብጣብ ቢወጣበትስ?»

«በልቶ ይሙት። ተርቦ ከሚሞት።»

ድንጋዩ እንዳለ ቀረ። ውኃው በየማለዳው በከፊል እየተቀዳ ይደፋል፣ በአዲስ ይተካል፤ ሁለቱ በአንድ ባልዲ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያመላልሱ ጎረቤት ቧንቧቸው የተበላሸ መስሎት ቧንቧ ሠሪ ጠቆማቸው። ብልቃጡ እየገረጣ ሄዶ ጨርሶ ነጣ። መከላከያ የሚባል ነገር አለቀ፤ የቀረው ማየት ብቻ ሆነ።

ድንጋዩ ላይ የነበረው ደቃቅ ምግብም አለቀ። ዓሣው ቀዳዳዎቹን ደጋግሞ ፈትሾ ባዶ ሲያገኛቸው ሚስቱ አንድ ዘዴ ፈጠረች፤ ሽሪምፑን በመቀስ ከትፋ በስፌት ወረንጦዋ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ትሰካው ጀመር። መጀመሪያ ተጠራጠረ። ከዚያ አንዱን መዘዘ። ተፋው። ደግሞ አነሳው፣ ዋጠው። ከዚያ ወዲያ ቁርሳቸውንም እራታቸውንም ማቆያው ፊት ሆነ የሚበሉት፤ እሷ አንድ ቀዳዳ ትሞላለች፣ አንድ ጊዜ ትጎርሳለች። ቆራጩ ባትሪውን አብርቶ የዓሣውን ገላ ይፈትሻል፤ በግራ፣ በቀኝ፣ ከክንፉ ሥር።

«በላ?» ትላለች ወይዘሮ ማቆያ።

«በላ።»

«ነጠብጣብ?»

«የለም።»

አንድ ማለዳ ግን ከጅራቱ አጠገብ ነጭ ነጥብ አየ። ባትሪውን አቀረበ፤ ነጥቡ አለ። ሚስቱን አልጠራም። ስልኩን አንስቶ ለሻጯ ነገራት። «አንድ ብቻ ከሆነ አይቸኩሉ፣ ዓሣው ሲዞር አብሮ ይዞራል ወይ?» አለችው። ዓሣው ዞረ። ነጥቡ አልዞረም። ሄዶ ተመልሶ መጣ፤ ነጥቡ ቦታው ላይ ነው። ቆራጩ በጥፍሩ መስታወቱን ቢጭር አይነካም፤ በመስታወቱ ሆድ ውስጥ ያለች የአየር አረፋ ናት፣ ከፋብሪካ አብራው የመጣች። ዕድሜውን መስታወት ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ በገዛ እጁ የመረጠው መስታወት። ይህን ለሲሊኮን በነገረው ቀን ሲሊኮን ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ለደንበኛ እንዳትነግር ብቻ፤ እንጀራችንን ታዘጋዋለህ» አለው። ከዚያ ወዲህ ወሬው ተመልሶለት ቆራጩን አላስወጣ አላስገባ አለው።

ሳምንታቱ ሞሉ። ወይዘሮ ማቆያ ራሷ መጣች፤ መነጽሯን ቀይራ ከፊትም ከኋላም አየችው። «ንጹሕ ነው። ወፍሯል እንዲያውም» አለች። ሚስትየው «ወረንጦዬን አበላሸብኝ» ብላ መለሰችላት።

ክንፉ እንዳይያዝ በመረብ ሳይሆን በላስቲክ ማሰሮ ቀዱት። ከማቆያው ውኃ ጠብታ እንኳ አብሮ እንዳይገባ ንጹሕ ውኃ ባለበት ሌላ ማሰሮ አሳለፉት። የልጁ ክፍል መብራት ጠፍቷል። ማሰሮውን ያዘነበለችው እናትየዋ ናት። ጠበቃዋ ወዲያው መጣች፤ ገፋችው፣ ከበበችው፣ ዘለፈችው ማለት ይቀላል። እሱ ጎኑን ሰጥቷት ውኃውን ከሚያንቀሳቅሰው ሞተር ጀርባ ገባ፤ ምንቃሩ ብቻ ታየ፣ የመጀመሪያ ቀን እንዳደረገው።

«አሁን ወሳኙ መብላቱ ነው» አለች ሻጯ በሹክሹክታ። «አዲስ ቦታ እንደገና ሊጾም ይችላል። እዚህ ከጾመ መልሶ መያዝ አይቻልም።»

ሦስቱም የልጁ አልጋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሻይ ቀርቦ በረደ። ጠበቃዋ ሰልችቷት ሄደች። እናትየዋ ተነሳችና ቁራጭ ሽሪምፕ በወረንጦዋ ይዛ እጇን እስከ ክርኗ ነከረች፤ ከቀሩት ድንጋዮች አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሰካችለት። እጇን አላወጣችም፤ እዚያው አቆየችው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዓሣው ከተደበቀበት ወጥቶ፣ ወደ ግራ ዞሮ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ መዘዘው። ዋጠው። ሌላ ፈለገ።

እናትየዋ ፊቷን ወደ መስታወቱ እንዳዞረች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፅ አላወጣችም፤ እጇንም ከውኃው አላወጣችም፣ ዓሣው እንዳይደነግጥ። ቆራጩ ሄዶ ከጎኗ ቆመ። ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ ሌላ ቁራጭ ሽሪምፕ አቀበላት።

በኋላ ማቆያው ተደፋ፣ ታጠበ፣ ተወልውሎ ተገለበጠ። መዳብ የጠጣውን ድንጋይ ግን ሚስቱ አላስጥል አለች፤ አድርቃ የስፌት መኪናዋ ላይ ጨርቅ እንዳይንሸራተት መጫኛ አደረገችው።

ያን ቀን፣ ዓሣው እንደበላ፣ ቆራጩ ሻጯን እስከ ደረጃው ሸኛት። እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች «ተገላገላችሁኝ እንግዲህ፣ ከእንግዲህ አልደውልም» አለችው። አንድ ደረጃ ወርዳ ቆመችና ዞር ብላ አየችው። «እርስዎስ ግን እንዴት ነዎት፣ ጋሼ? እስከ ዛሬ ዓሣውን ብቻ ነው የጠየቅኩት።»

ቆራጩ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ አሰበበት።

«ዛሬ ሲበላ ሳየው አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ነበር» አላት። «አልመጣም። ግድ የለም። እሱ ይብላ፣ እሷም ይውጣላት፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»